«ሴት አሳይድ»፦ መከለል ወይስ መተው?

«ዝም አለ» ስንል ሰውየው ምንም አላለም። «አለ» ለብቻው መናገር ነበር፤ «ዝም» ሲቀድመው ግን ተገልብጦ አረፈው። እንግሊዝኛም እንዲህ ያሉ ጥምሮች ሞልተውታል፤ ፍሬዛል ቨርብ ይላቸዋል፣ በአማርኛ ሐረጋዊ ግስ ብንላቸው ያስኬዳል። አንዱ «ሴት አሳይድ» ነው። በፊደላችን ሲጻፍ ሴት ቢመስልም ዝምድና የላቸውም፤ «ሴት» ማኖር፣ «አሳይድ» ወደ ጎን ነው። ጣጣው፣ ወደ ጎን የሚደረግ ነገር ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፦ የምንሳሳለትና የማንፈልገው።

የመጀመሪያው ፍቺ ለይቶ ማቆየት ነው። ገበሬ ከምርቱ ላይ ለዘር የሚሆነውን ገብስ ያስቀራል፤ ያ «ሴት አሳይድ» ነው። ሰፋ አድርጎ የሚያሳየን ግን የመንዝ ጓሳ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ የተዘረጋውን ይህን የጓሳ ሣር ምድር የሁለቱ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ተወላጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁት እንደኖሩ ይነገራል። «ጓሳ ተዘጋ» ከተባለ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። ሣሩ ሲደርስ አባ ቄራ የሚባለው የሥርዓቱ አለቃ የመክፈቻውን ቀን ይቆርጥ ነበር፤ ወሬው በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይዳረስ ነበር። በበጋ፣ መጀመሪያ አጫጁ፣ ኋላ ከብቱ ይገባ ነበር፤ ክረምት ሲገባ፣ ሐምሌ 5 የሐዋርያት በዓል ሳያልፍ ሁሉም ለቆ ይወጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ኋላ የአካባቢው ሰው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው መሬት በእንግሊዝኛ «ሴት አሳይድ» ተደርጓል ቢባል፣ «ወደ ጎን የተተወ መሬት» ብሎ መተርጎም የመንዝን ሰው ልፋት መካድ ነው። ትክክለኛው «የተከለለ» ነው። በአውሮፓ ደግሞ ከ1988 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የእህል ትርፍ ለመቀነስ ገበሬው ከማሳው ከፊሉን ሳያርስ እንዲያሳድር ይከፈለው ነበር፤ የዚያ መርሐ ግብር ስም ይኸው ቃል ነው። እሱን ግን «ጦም ማሳደር» እንለዋለን። ጓሳ ጦም አላደረም፤ ሣሩ ራሱ ሰብል ነው፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ፍቺ መተው ነው። የተጣሉ ሰዎች ጠባቸውን «ሴት አሳይድ» አድርገው ሲሠሩ፣ በእኛ «ጠባቸውን ትተው» ወይም፣ ነገሩ ገና ካልበረደ፣ «ለጊዜው አቆይተው» ይባላል።

ሦስተኛው የፍርድ ቤት ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት፣ በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ በቂ ምክንያት ካለው ውሳኔው «ይነሳልኝ» ብሎ ያመለክታል። የእንግሊዝኛው ቅጂ እዚህ የሚጠቀመው «ሴት አሳይድ»ን ነው። በዚህ ቦታ «ወደ ጎን ይደረግልኝ» ብሎ አቤቱታ የሚጽፍ ጠበቃ የለም።

ለመለየት አንድ ነገር ይጠቅማል። ከእንግሊዝኛው ሐረግ ኋላ «ፎር» ከመጣ፣ አማርኛውም «ለ» ይፈልጋል፦ ለዘር፣ ለበጋ፣ ለክፉ ቀን። ያኔ ቃሉ መለየት፣ ማስቀረት ወይም መከለል ነው። «ፎር» ከሌለ፣ ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣበት እንደሆነ ይጠየቅ። የተተወ ነገር ቀጠሮ የለውም፤ ጓሳ ግን ሲዘጋም የሚከፈትበት ቀን ይጠበቃል።