የሞተር መጋዝ እጀታና ጥርስ፦ ከባዕድ ደን እስከ ባሕር ዛፍ ማሳ

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያን ጊዜ አንስቶ አርሶ አደሩ ይህን ዛፍ እየተከለ ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶና ለገበያ ሲያውለው የኖረው በዋናነት በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ነው። በቤንዚን የሚሠራው የሞተር መጋዝ፣ በተለምዶ ‹‹ቼንሶ›› የሚባለው፣ ከእነዚህ መሣሪያዎች ጎን የተሰለፈው ዘግይቶ ነው።

የሞተር መጋዝ የገዛ ሰው ወይም ማኅበር ብዙ ሳይቆይ የተጨማሪ ዕቃ ጥያቄ ይገጥመዋል። መጋዙ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን የፊት እጀታ አውልቆ አካሉን ዙሪያውን በሚከብ እጀታ መተካት፣ ከሞተሩ ፊት የታሰሩትን ትንንሽ ሹል ብረቶች ፈትቶ ትልልቅ ጥርሶችን ማሰር በውጭው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። ዕቃዎቹን የመጋዙ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ሌሎች መለዋወጫ አምራቾችም ይሠሯቸዋል። ለመሆኑ እነዚህ ዕቃዎች የተፈጠሩት ለየትኛው ዛፍ ነው? ማንንስ ይጠቅማሉ? ታሪካቸው ሲመረመር መልሱ አብሮ ይገኛል።

ሁለት ሰው ከሚሸከመው እስከ አንድ ሰው መጋዝ

የሞተር መጋዝ ታሪክ በስፋት የሚጀምረው ከጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 አንድሪያስ ሽቲል የተባለው መሐንዲስ በሽቱትጋርት ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የግንድ መቁረጫ ሠራ። በቀጣዩ ዓመት ኤሚል ሌርፕ በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ በቱሪንገን ግዛት በሚገኘው የዶልማር ተራራ ላይ ሞከረ፤ ለመሣሪያውም የተራራውን ስም ሰጠው። ሽቲልም እ.ኤ.አ. በ1929 የራሱን የቤንዚን መጋዝ አወጣ።

እነዚህ መጋዞች ከ40 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ ስለነበሩ ያለ ሁለት ሰው አይንቀሳቀሱም ነበር። አንዱ ሠራተኛ ሞተሩን ሲይዝ ሌላው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ምላስ ጫፍ ይይዛል። በዚያን ጊዜ የእጀታ ሥራ ሸክሙን ለሁለት ማካፈል ብቻ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ዛፍ ቆራጭ የነበረው ጆሴፍ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ የጥንዚዛ ዕጭ ጉቶ ውስጥ ዕንጨቱን በግራና በቀኝ እየላገ ሲሄድ ተመለከተ። የዕጩን መንጋጋ አስመስሎ የሰንሰለት ጥርስ ሠራና እ.ኤ.አ. በ1947 በፖርትላንድ ከተማ ማምረት ጀመረ። ዛሬ በየመጋዙ ላይ የሚታየው ሰንሰለት የዚያ ሥራ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ማኩሎክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ 11 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን መጋዝ አወጣ። ሽቲልም በ1950 የአንድ ሰው መጋዙን፣ በ1959 ደግሞ ማርሽ የሌለውን ‹‹ኮንትራ›› የተባለውን ሞዴል ለገበያ አቀረበ። መጋዙ ወደየትኛውም ጎን ቢጋደም ቤንዚን የማያቋርጥ የካርቡራተር ዓይነት መገኘቱም ሥራውን አቀለለው።

በዚህ መንገድ መጋዙ ከሁለት ሰው ወደ አንድ ሰው እጅ ገባ። የኋላው እጀታ ከቤንዚን መስጫው ጋር ለቀኝ እጅ፣ የፊተኛው እጀታ ለግራ እጅ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መጋዙን የሚመራው፣ ሸክሙንም ንዝረቱንም የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጥርሱና ዙሪያ እጀታው የተወለዱበት ምድር

ከሞተሩ ፊት የሚታሰሩት ሹል ብረቶች ሥራቸው ቀላል ነው። ሠራተኛው የወደቀ ግንድ ሲቆራርጥ ጥርሶቹን ቅርፊቱ ላይ ይተክላል፤ የኋላውን እጀታ ወደ ላይ ሲያነሳ መጋዙ በጥርሶቹ ላይ ተደግፎ ምላሱ ወደ ግንዱ ይገባል። አሠራሩ ድንጋይ በዲጂኖ እንደማንሳት ነው። ጥርሱ መደገፊያ፣ መጋዙ ዲጂኖ ይሆናል። ሰውየው መጋዙን በክንዱ ጉልበት መጫን አይኖርበትም ማለት ነው።

ትልልቅ ጥርሶች የተለመዱት በሰሜን አሜሪካ የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። በዚያ የሚበቅለው ዳግላስ ፈር የተባለ ዛፍ ሲያረጅ ግንዱ እጅግ ይወፍራል፤ ቅርፊቱም 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በእንዲህ ያለ ወፍራምና ልል ቅርፊት ላይ ትንሽ ጥርስ ይንሸራተታል። ረጅሙ ግን ዘልቆ ይይዛል።

ዙሪያውን የሚከበው እጀታም የዚያው ምድር ልጅ ነው። የተለመደው እጀታ የመጋዙን ጀርባና ግራ ጎን ብቻ ያቅፋል። ሠራተኛው መጋዙን አጋድሞ ዛፍ ሲገነድስ ግራ ጎኑ ወደ ላይ ከሆነ የሚይዘው አያጣም። ቀኝ ጎኑ ወደ ላይ እንዲሆን ቢያዞረው ግን በዚያ በኩል እጀታ የለም። በቁልቁለት ላይ የቆመ ግዙፍ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው እንደልቡ ዞሮ መቆም ስለማይችል በሁለቱም ጎን የሚያዝ መጋዝ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እጀታው እስከ ቀኝ ጎን እንዲዞር ተደረገ። ደኑ ቀጠን ባለበትና ቁልቁለቱ በማይከፋበት የአውሮፓ ክፍል ግን ግማሹን ብቻ የሚያቅፈው እጀታ በቂ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። ትልቁ ጥርስም ሆነ ዙሪያ እጀታው ለአንድ የተወሰነ ዛፍና ለአንድ የተወሰነ መሬት የተገኙ መፍትሔዎች ናቸው።

እጅ የከፈለው ዋጋ

በመጋዙ ታሪክ ውስጥ ጉልበትና ፍጥነት ቀድመው ሲገኙ የሠራተኛው እጅ የታሰበለት በኋላ ነው። የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ጣትን እንደሚጎዳ ቀድሞ የታወቀ ነበር። አሜሪካዊቷ ሐኪም አሊስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1918 በኢንዲያና ግዛት በአየር ግፊት መሣሪያ የሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎችን መርምራ፣ ጣታቸው በብርድ ጊዜ እየነጣ እንደሚደነዝዝ መዝግባለች። የአንድ ሰው መጋዝ በተስፋፋ ጊዜ ይኸው ሕመም በደን ሠራተኞች ላይ ታየ። የጣት ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጣቱ ይነጣል፤ ስሜቱን ያጣል። ሲብስ ደግሞ ቁልፍ መቆለፍና ትንሽ ዕቃ ማንሳት እስኪያቅት ይደርሳል።

መፍትሔው የተገኘው በእጀታው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ እጀታው በቀጥታ ከሞተሩ አካል ጋር መታሰሩ ቀርቶ በመካከል ጎማ፣ በኋላም ሞላ ገባ። ውጤቱ በፊንላንድ በግልጽ ታይቷል። ሱኦሙስሳልሚ በተባለ አካባቢ የደን ሠራተኞች ላይ በተደረገ ክትትል፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከመቶ 40 የነበረው የነጭ ጣት ሕመም በ1990 ወደ ከመቶ 5 ወርዷል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የመጋዞቹ ንዝረት በሴኮንድ ስኩዌር ከ14 ሜትር ወደ 2 ሜትር ቀንሷል።

ሁለተኛው መፍትሔ ፍሬኑ ነው። የምላሱ ጫፍ የላይኛው ክፍል ዕንጨት ሲነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ተመልሶ ሊመታ ይችላል። ሽቲልና የስዊድኑ ሁስክቫርና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሰንሰለት ፍሬን ያላቸውን መጋዞች አወጡ። ከፊት እጀታው ቀድሞ የቆመው የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ይቆማል። ከመጀመሪያው መጋዝ እስከዚህ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ለባሕር ዛፍ ማሳ የሚበጀው

አርሶ አደሩ ለአጠና፣ ለቋሚና ለማገዶ የሚቆርጠው ባሕር ዛፍ ከዳግላስ ፈር ጋር አይመሳሰልም። ግንዱ ቀጭን፣ ቅርፊቱ ስስ ነው፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ቡቃያው ጠንክሮ እንዲወጣ ጉቶው ዝቅ ብሎ፣ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ፣ በንጹሕ መቆረጥ አለበት። ዙሪያ እጀታ የታሰረበት መጋዝ በቀኝ ጎኑ ሲጋደም የእጀታው ቧንቧ ከሥር ስለሚገባ ምላሱን ከመሬት ከፍ ያደርገዋል። ጉቶውም ሳይፈለግ ይረዝማል። ለአሜሪካው ገንዳሽ ጥቅም የሆነው ነገር ለባሕር ዛፍ ባለቤት ጉዳት ይሆናል ማለት ነው።

ትልቅ ጥርስም በቀጭን ዕንጨት ላይ ትርፉ ትንሽ ነው። የጥርሱ ርዝመት ከምላሱ የመቁረጫ ርዝመት ላይ ይቀንሳል፤ ለገበያ የሚቀርበውንም አጠና ይቧጭራል። ከዚህም በላይ የደነዘዘ ሰንሰለትን ይደብቃል። ሰንሰለቱ ሳይሞረድ ሠራተኛው በጥርሱ ተደግፎ በግድ ሲያስገባው ሞተሩም ምላሱም ያልቃሉ። ከትልቅ ጥርስ አስቀድሞ ጥሩ ሞረድ መግዛት ይሻላል።

ወፍራም ግንድ የሚቆራርጥ፣ በገደላማ ቦታ የሚሠራ ማኅበር ግን ዕቃዎቹ ሊያስፈልጉት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ይገባዋል። አንደኛ፣ አዲሱ እጀታ የሚታሰረው በጎማው ወይም በሞላው በኩል እንጂ በቀጥታ ከሞተሩ አካል ጋር መሆን የለበትም። በቀጥታ ከታሰረ የብዙ ዓመት ድካም ውጤት የሆነው የንዝረት መከላከያ በአንድ ቡሎን ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ የእጅ መከላከያው ከአዲሱ እጀታ ጋር ሳይጋጭ ወደ ፊት መሄዱ፣ ፍሬኑም ሰንሰለቱን ወዲያው ማቆሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሞከር አለበት። ሦስተኛ፣ የጥርሱም የእጀታውም ቡሎኖች ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በኋላ እንደገና መጥበቅ ይኖርባቸዋል፤ ንዝረት ቡሎን ይፈታልና።

ለግዥ ኮሚቴዎችና ለሚመለከታቸው የወረዳ ባለሙያዎችም ከታሪኩ የሚወሰድ ትምህርት አለ። መጋዝ ሲመረጥ የሞተሩ ጉልበትና ዋጋው ብቻ ሳይሆን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው የንዝረት መጠንም መታየት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን የእጅ ንዝረት በሴኮንድ ስኩዌር 2.5 ሜትር ከደረሰ አሠሪው እርምጃ እንዲጀምር፣ ከ5 ሜትር እንዳያልፍም ደንግጓል። ይህ ቁጥር ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል።

የማኅበር መጋዝ የአንድ ሰው መጋዝ አይደለም። ዛሬ አንዱ አባል፣ ነገ ሌላው ይይዘዋል። በደጋው ብርድ ማለዳ ጣቱ የሚነጣው ደግሞ ዕቃውን የመረጠው ኮሚቴ ሳይሆን መጋዙን ይዞ የሚውለው አባል ነው። ‹‹ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው›› እንዲሉ፣ በመጋዙ ላይ ምን እንደሚጨመርና ምን እንደሚቀነስ ሲወሰን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በእጁ የሚይዘው ሰው ነው።