በጦር ሠፈር ደንብ የተመሩ ማረሚያ ቤቶች፤ የአሜሪካ ሙከራና ግምገማው

እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የጆርጂያና የኦክላሆማ ግዛቶች አዲስ ዓይነት ማረሚያ ቤት አቋቋሙ። ጊዜው ወኅኒ ቤቶች ከመጠን በላይ የተጣበቡበት፣ ሕዝቡም ጠንካራ ቅጣት ይፈጸም እያለ የሚወተውትበት ነበር። ስለዚህም የኃይል ድርጊት ያልፈጸሙና አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደባቸው ወጣቶች በረጅም እስራት ፈንታ ከሦስት እስከ ስድስት ወር በጦር ሠፈር ደንብ እንዲኖሩ ተደረገ። ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ ጠጉርን መላጨት፣ ሰልፍና የጉልበት ሥራ የዕለት ተግባራቸው ሆነ።

አሠራሩ በፍጥነት ተስፋፍቶ በ1995 ግዛቶቹ ለአዋቂዎች ብቻ 75 ያህል ሠፈሮች ነበሯቸው። ጎብኚ የሚያየው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰልፍና ለትእዛዝ የሚፈጥን ወጣት ስለ ነበረ መማረኩ አያስደንቅም። ሆኖም መምህሩ በቆመበት ጊዜ ጸጥ ያለ ክፍል ሁሉ ትምህርት የገባው ክፍል አለመሆኑን ማንም መምህር ያውቀዋል።

ዶሪስ ማክኬንዚ የመሩትና በ1994 የወጣው የስምንት ግዛቶች ጥናት ከሠፈር የወጡትን በተለመደው እስራት ወይም በአመክሮ ካለፉት ጋር አነጻጸረ። ወደ ወንጀል በመመለስ ረገድ በጠቅላላው ግልጽ ልዩነት አልተገኘም። በኒው ዮርክ፣ በኢሊኖይና በሉዊዚያና ግን በአንዳንድ መለኪያዎች የተሻለ ውጤት ታየ። ሦስቱም በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ለምክር፣ ለሱስ ሕክምናና ለትምህርት ይመድቡ ነበር፤ ሠልጣኞቹ በፈቃዳቸው ይገቡ፣ ሲወጡም ጥብቅ ክትትል ይደረግላቸው ነበር። ታዲያ ውጤቱ የሰልፉ ነው ወይስ የትምህርቱ፣ ወይስ የክትትሉ? ሁሉም በአንድነት ስለ ተሰጡ ጥናቱ ለይቶ ሊናገር አልቻለም። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለው የ2005 ምርመራ ደግሞ የሠፈሮቹ ሠልጣኞችና የንጽጽሩ ቡድኖች ወደ ወንጀል የተመለሱበት መጠን እኩል ለእኩል መሆኑን አሳየ።

ወጪን በሚመለከት ጉዳዩ ለዕቅድ አውጪዎች ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነው። ገንዘብ የተቆጠበው ወታደራዊው ሥልጠና ባስገኘው ለውጥ ሳይሆን የእስራቱ ዘመን በማጠሩ ነበር። ይህም የሚሆነው ሠልጣኞቹ ያለ ጥርጥር ወኅኒ ይወርዱ ከነበሩት መካከል ሲመረጡ ብቻ ነው። ዳኛው በአመክሮ ሊለቅ ያሰበውን ወጣት ወደ ሠፈር ቢልክ ግን ወጪው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሥልጠናውን የፈጸሙትን ብቻ ቆጥሮ ያቋረጡትን የሚተው ዘገባም እንዲሁ ያሳስታል፤ ከፈተና በፊት ደካሞቹን አሰናብቶ በውጤቱ እንደሚመካ ትምህርት ቤት ነውና።

በ2000 የግዛቶቹ ሠፈሮች ወደ 51 ወረዱ። የፌዴራሉ መንግሥት በ2005 የራሱን አቆመ። በ2006 መጀመሪያ በፍሎሪዳ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በገባበት ቀን በጠባቂዎች ከተደበደበ በኋላ በማግሥቱ ሞተ፤ በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የታዳጊዎቹን ሠፈሮች ሽሮ አካላዊ ማስፈራራትን የሚከለክል ሌላ ሥርዓት ተካ።