ደማቸው የተመለሰባቸው እንደራሴ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ከተማዋን ብዙም ሳይርቅ ወለቃን ያገኛል። የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ቤቶችና በመንገድ ዳር የተደረደሩ የሸክላ አንበሶች ጎብኚን ዛሬም ያስቆማሉ። ወለቃን በሸክላ ያስጠሯት ቤተ እስራኤሎች (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ግን በዚያ የሉም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በተነሡ አውሮፕላኖች ወደ እስራኤል ተጠቃለው ሄደዋል።

ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ገበሬው ማረሻውን የሚያሠራው፣ ባለቤቱም ምጣድና እንስራ የምትገዛው ከእነርሱ ነበር። እንዲያም ሆኖ ርስት ተነፍገው፣ «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። ሰው በእጃቸው ሥራ ቤቱን ሞልቶ ዓይናቸውን ይፈራ ነበር። ይህን ግፍ ደጋግመን ልናስታውሰው ይገባል፤ ከዚሁ አገር በሕፃንነታቸው ወጥተው የእስራኤል ምክር ቤት አባል የሆኑት ሴት ደማቸውን የሚፈራ መመሪያ የገጠማቸው እዚያው በምክር ቤቱ ውስጥ ነውና።

ፕኒና ታማኖ ሻታ በ1974 ዓ.ም. በጎንደር አካባቢ ውዛባ በምትባል መንደር ተወለዱ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ድርቁና ጦርነቱ በበረታበት ወቅት ቤተሰባቸው ወደ ሱዳን ተሰደደ። በዚያ ጉዞና በሱዳን የስደተኛ ጣቢያዎች ውስጥ ያለቁት ቤተ እስራኤሎች ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች በአየር ሲወሰዱ ትንሿ ፕኒና ከአባቷና ከአምስት ወንድሞቿ ጋር ነበረች። እናቷ የደረሱት ከዓመታት በኋላ ነው።

አዲሱ አገር ተቀበላቸው፤ ደማቸውን ግን አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 (ከዚህ በኋላ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «ማዓሪቭ» ጋዜጣ የደም ባንኩ ከኢትዮጵያውያን የሚለገሰውን ደም በኤችአይቪ ፍራቻ ለጋሾቹ ሳያውቁ ይጥለው እንደነበር አጋለጠ። ዜናው ትውልዱን ሁሉ አንገበገበ። ወደ 10,000 የሚሆን ሰው በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ፤ ከፖሊስ ጋር ግጭት ተፈጥሮ ብዙዎች ተጎዱ። ፕኒና ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በኋላ በኦኖ አካዳሚክ ኮሌጅ ሕግ አጠኑ፤ በተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ታገሉ፤ በመንግሥት የቴሌቪዥን ጣቢያም በዘጋቢነት ሠሩ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ምርጫ በያኢር ላፒድ «የሽ አቲድ» ፓርቲ ዝርዝር ተወዳድረው አሸነፉ። ከኢትዮጵያ ተወላጆች አዲሱ መሰለ በ1996 ቀድመው ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) ገብተዋል፤ ከሴቶች ግን የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ፕኒና ናቸው።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ማገን ዳቪድ አዶም የተባለው የአስቸኳይ ሕክምና ድርጅት በክኔሴት ግቢ ደም ያሰባስብ ነበር። ወይዘሮ ፕኒና ሊለግሱ ቀረቡ። ሠራተኞቹ የጤና ሚኒስቴርን መመሪያ ጠቅሰው ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ደም ለሕሙማን እንደማይሰጥ፣ ቢወስዱት እንኳ በረዶ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር ነገሯቸው። በሦስት ዓመታቸው የገቡ፣ በሠራዊቱ ያገለገሉ፣ የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። የሆነው ሁሉ በካሜራ ተቀርጾ በአንድ ቀን አገሩን አዳረሰ። ፕሬዚዳንት ፔሬስና ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ስልክ ደወሉላቸው፤ አፈ ጉባኤው ዩሊ ኤደልስቴይን ደም መውሰዱ እንዲቋረጥ አዘዙ።

ነቀፌታውም ወዲያው ተከተለ። መመሪያውን እያወቁ ሆን ብለው ያዘጋጁት ትርኢት ነው ያሏቸው ነበሩ። የጤና ሚኒስትሯ ያኤል ገርማን የራሳቸው ፓርቲ ሰው መሆናቸውም ነገሩን አከበደው፤ ተቺዎቹ በጓዳ ሊጨርሱት የሚችሉትን ለምን አደባባይ አወጡት አሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ትርኢት ቢሆንስ? ከ1996ቱ ሰልፍ በኋላ ለ17 ዓመታት በጓዳ ሲንከባለል የቆየ ጉዳይ ነበር። መመሪያው በሺዎች ላይ ሲሠራ ማንም አላየውም፤ በአንዲት እንደራሴ ላይ ሲሠራ ሁሉም አየው። በ2017 ሚኒስቴሩ ክልከላውን አንሥቶ የኢትዮጵያ ተወላጆች እንደማንኛውም ዜጋ ደም እንዲለግሱ ፈቀደ።

በ2015 ምርጫ ፓርቲያቸው መቀመጫዎች ሲያጣ እርሳቸውም ወጡ። ከምርጫው ከሳምንታት በኋላ አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል ወጣና ወጣቶች ኢየሩሳሌምንና ቴል አቪቭን በሰልፍ አጥለቀለቁ። ወይዘሮ ፕኒና ወደ ክኔሴት የተመለሱት በ2018 አንድ አባል ሲለቁ ነው።

ከሁሉ የከፋውን ወቀሳ ያመጣባቸው የ2020 ውሳኔያቸው ነው። «የሽ አቲድ» እና የቤኒ ጋንትዝ ቡድን በአንድነት የቆሙበት «ሰማያዊና ነጭ» ጥምረት ጋንትዝ ከኔታንያሁ ጋር መንግሥት ለመመሥረት ሲስማሙ ፈረሰ። ላፒድ ተቃዋሚ ሆነው ቀሩ፤ ወይዘሮ ፕኒና ግን ፖለቲካ ውስጥ ያስገባቸውን ፓርቲ ትተው ጋንትዝን ተከተሉ። በግንቦት ወር የስደተኞች አቀባበልና ውህደት ሚኒስትር ሆኑ፤ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር። ኔታንያሁ ካሉበት መንግሥት ጋር አንሠራም ብሎ ለመረጠ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ቅሬታውም ትክክለኛ ነው። ሆኖም ያ ሥልጣን በጎንደር ምኵራብ ዙሪያ ዓመታትን በመጠበቅ ላሳለፉ ቤተሰቦች የመጨረሻው ተስፋ ነበር። እናት ኢየሩሳሌም፣ ልጅ ጎንደር የቀሩባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

ካቢኔው በጥቅምት 2020 የ2,000 ሰዎችን መግባት አጸደቀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 316 ሰዎች ቤን ጉሪዮን ሲያርፉ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ጋንትዝ ተቀበሏቸው። በኅዳር 2021 ተጨማሪ 3,000 ተፈቀደ፤ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ክስ ታግዶ ቆይቶ በረራው በሰኔ 2022 ቀጠለ፤ የመጀመሪያዎቹን 180 ያህል ሰዎች ያጀቡት ራሳቸው ሚኒስትሯ ነበሩ። በመካከሉ የዩክሬን ጦርነት ፈንድቶ የእስራኤል በር ለአውሮፓውያን ስደተኞች ፈጥኖ ሲከፈት ሁለቱን አቀባበል በአደባባይ አወዳድረው መድልዎ አለበት አሉ። ሚኒስትር ሆኖ የራስን መንግሥት እንዲህ መተቸት ያስቆጣል፤ አስቆጥቷልም።

ክርክሩ ግን ከመንግሥት ጋር ብቻ አልነበረም። ጎንደር የሚጠብቁት ሰዎች አብዛኞቹ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ወደ ክርስትና የገቡ ናቸው። በእስራኤል ካሉት ቤተ እስራኤሎች ገሚሱ፣ ከቄሶቹም አንዳንዶቹ፣ «እነዚህ ሃይማኖቱን የተዉ ናቸው» ብለው ይቃወማሉ። ሌሎቹ ደግሞ ወንድምና እኅታቸው እንደሆኑ በዕንባ ይናገራሉ። ወይዘሮ ፕኒና የቆሙት ከሁለተኞቹ ጋር ነው፤ ለዚህም ከገዛ ወገናቸው ብዙ ሰምተዋል።

በታኅሣሥ 2022 ሥልጣናቸውን ለአዲሱ መንግሥት አስረከቡ። በምክር ቤቱ ግን ቀሩ፤ የሴቶች ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢም ሆኑ። ከጥቅምት 7 ቀን 2023ቱ ጥቃት በኋላ በሴቶች ላይ ስለተፈጸመው ጾታዊ ግፍ በክኔሴት የተካሄዱትን ውይይቶች የመሩት እርሳቸው ናቸው።