የመጻሕፍት መዝገብ፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ዝዋይ ደሴቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከአዳማ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ምእመን የዝዋይን ሐይቅ ያገኛል። ከደሴቶቹ ትልቁ በሆነው በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። የአበው ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም የተሰደዱ ካህናት ቅዱሳት መጻሕፍትንም ወደዚህ አሻግረዋል። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ምእመናንም የብራና መጻሕፍትን ጠብቀው አቆይተዋል።

መጽሐፍን ከእሳት ማትረፍ ግን የሥራው እኩሌታ ነው። ምን መጽሐፍ እንዳለና ማን እንደ ሰጠው ካልተጻፈ፣ ሲጠፋም መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም። አባቶቻችን ይህን አስቀድመው ተረድተውታል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር በራሳቸው ወንጌል ውስጥ ተጽፎ ዛሬም ይነበባል። የርስትና የንዋያተ ቅድሳት መዝገብም እንዲሁ በወንጌል ባዶ ገጾች ይጻፍ ነበር፤ ወንጌልን ደፍሮ የሚፍቅ አይገኝምና።

መዝገብ ለአንባቢም መንገድ ጠራጊ ነው። በአንድ ጥራዝ ገድል፣ ተአምርና መልክእ በአንድነት ይጠረዛሉና፣ በሽፋኑ ስም ብቻ የሚፈልግ ሌላውን ሳያገኝ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ተቀርጸዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ ሚኒሶታ ሆነው የብዙዎቹን ይዘት እየመረመሩ በካታሎግ አሳውቀዋል።

በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1877 በታተመው የዊልያም ራይት ካታሎግ ተመዝግበዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን በቁጥሩ ጠርተን ልንጠይቅ እንችላለን። የወሰደው መዝግቦ ሳለ ባለቤቱ ሳይመዘግብ መቅረቱ ግን ያሳዝናል፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ከመቅደስ ወጥቶ ቢሸጥ የእኛ ነው የምንልበት ማስረጃ ከወዴት ይመጣል?

ስለዚህ በአዳማም ሆነ በዝዋይ፣ በሻሸመኔም ሆነ በመቂ ያላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ከመጻሕፍት ሣጥናችሁ ጀምሩ። ቁጥሩን፣ ርእሱን፣ ጸሐፊውን፣ የሰጪውንና የተዋሹን ስም ጻፉ። የብራና መጻሕፍትን በሚመለከት ግን የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቁ፤ የመዝገቡም ግልባጭ በሀገረ ስብከት ይቀመጥ። የተቀበልነውን ቆጥረን ለሚቀጥለው ትውልድ ማስረከብ የአደራ ሥራ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።