የሳትሶፕ ሁለት ማማዎች

ወገኖች፣ "አገር ቤት ኑክሌር ይገንባ ትላለህ ወይስ አይገንባ?" እያላችሁ ታደርቁኛላችሁ። መልሴ ከሲያትል ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ኤልማ ከተማ አጠገብ ቆሟል። 150 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሁለት የኮንክሪት ማማዎች ናቸው፤ አንድም ቀን እንፋሎት አልወጣባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1970ዎቹ የአካባቢው መብራት አቅራቢዎች ፍላጎት በዓመት 7 በመቶ እያደገ በ10 ዓመት እጥፍ ይሆናል ብለው አሰሉ። የኮሎምቢያ ወንዝ ግድቦች አይበቁም ተባለና የጋራ ድርጅታቸው አምስት የኑክሌር ጣቢያዎች ማቀድ ጀመረ። ያለፈውን መስመር በማስመሪያ ወደፊት መሳብ ግን ትንበያ አይደለም። ታሪፍ ሲጨምር ሰው መብራት ያጠፋል!

ሲያትል የራሷን ጥናት አስጠንታ በ1976 ከ4ኛውና ከ5ኛው ጣቢያ ውጪ ሆነች። 88 አቅራቢዎች ግን ገቡበት። የአምስቱ ወጪ ግምት 24 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። በ1982 ሁለቱ ተሰረዙ፣ በ1983 ደግሞ ድርጅቱ የ2.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ዕዳ መክፈል አቃተው። ጡረታቸውን እዚያ ያስቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡም የድርጅቱን ምህጻረ ቃል "ውፕስ" ብሎ አነበበው፤ ፈረንጅ ዕቃ ሲወድቅበት የሚላት ቃል ናት።

ኑክሌሩን አልረግምም። ከአምስቱ ያለቀው አንዱ በ1984 ሥራ ጀምሮ ዛሬም ያመነጫል። የአራቱ ስቴቶች የኃይል ምክር ቤት በ1983 ባወጣው የመጀመሪያ ዕቅድ ግን አንድ መስመር ሳይሆን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ግምት አስቀመጠ፤ ቁጠባንም እንደ ኃይል ምንጭ ቆጥሮ አስቀደመው።

የአገር ቤቱን ዝቅተኛ ግምት ያየ ካለ ይላክልኝ፤ ያኔ እንከራከር።