የሰማይ ላም ወተት

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል፣ በሌለው ሀብት የሚመካ ሰው ሲተረብ፡፡ የኮምፒውተር ሰዎች ግን ይህችኑ ላም ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያልቧት ኖረዋል፡፡ ዛሬ የእሷን ታሪክ እናውጋችሁ፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ነገሩ የጀመረው ከእጦት ነው፡፡ በ1962 ማብቂያ፣ በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ፣ ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ ከፌራንቲ ኩባንያ ጋር የሠሩት «አትላስ» የተባለ ኮምፒውተር ተመረቀ፡፡ ፈጣኑ ሜሞሪ የሚይዘው 16,384 ቁጥሮችን ብቻ ነበር፡፡ ከጎኑ 98,304 የሚይዝ፣ ርካሽ ግን ቀርፋፋ የሆነ የሚሽከረከር የማግኔት ከበሮ ነበረው፡፡ ሰዎቹ ሜሞሪውን በየ512ቱ «ገጽ» ብለው ከፋፈሉት፡፡ ፕሮግራሙ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ሜሞሪ ያያል፤ በፈጣኑ ውስጥ የሌለ ገጽ ሲጠራ ማሽኑ ገታ ብሎ ከከበሮው ያመጣለታል፡፡ ቃል መግባት ዛሬ፣ ክፍያው ሲጠየቅ!

ዘዴው ዛሬም አለ፤ ስፋቱ ብቻ ነው የጨመረው፡፡ በተለመደው ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር የአድራሻው ስፋት እስከ 256 ቴራባይት ይደርሳል፡፡ ያን ያህል ሜሞሪ ማን አለው? ማንም፡፡ አድራሻው እዚህም እዚያም ጥቂት መንደሮች ያሉበት ምድረ በዳ ነው፡፡ መንደሮቹን የሚያውቀው ባለ አራት እርከን መዝገብ ነው፡፡ አንዲት ባለ 4 ኪሎባይት ገጽ ለመያዝ አራት መዝገቦች፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎባይት፣ ይበቃሉ፡፡ ድምሩ 20 ኪሎባይት፡፡ የቀረው በረሃ ምንም አያስወጣም፡፡

ይህ ሁሉ ከፕሮግራም ፍተሻ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፡፡ በ1988 ባርተን ሚለር የተባሉ የአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ዝናብ በሚወርድበት ምሽት በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው ይሠሩ ነበር፡፡ ዝናቡ መስመሩን እየረበሸ ትርጉም የለሽ ፊደላት ያስገባል፤ ፕሮግራሞቹም በዚያ ይወድቃሉ፡፡ ሌላው ሰው ቢሆን ሰማዩን ረግሞ ይተኛ ነበር፡፡ እሳቸው ግን ተማሪዎቻቸውን ሆን ብለው ዝባዝንኬ እንዲመግቧቸው አዘዙ፡፡ በ1990 ውጤቱ ሲታተም፣ ከተፈተሹት የዩኒክስ ፕሮግራሞች ሩብ ያህሉ ወድቀዋል ወይም ተንጠልጥለው ቀርተዋል፡፡ «ፈዚንግ» የሚባለው ፍተሻ እንዲህ ተወለደ፡፡

ፈዚንግ የሚያዋጣው ሙከራው በሚሊዮኖች ሲቆጠር ነው፡፡ ስለዚህ ብዙዎች ፍተሻውን ኢሙሌተር ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተር መስሎ በሚተውን ፕሮግራም ውስጥ፣ ያካሂዱታል፡፡ ፋብሪስ ቤላርድ የተባለው ፈረንሳዊ በ2003 ያወጣው ኪው ኢሙ ከዚህ ዓይነቱ ስመ ጥሩ ነው፡፡ ሚካል ዛለውስኪ በ2013 ያወጣው ኤኤፍኤል የተባለ ፈዘርም ምንጭ ኮዳቸው የማይገኝ ፕሮግራሞችን ለመፈተሽ በእሱ ይጠቀማል፡፡ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሜሞሪው ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፡፡ እንበል ፕሮግራሙ አንድ ጊጋባይት፣ ማለትም 262,144 ገጾች አሉት፤ በአንዱ ሙከራ የጻፈው ግን በ50ዎቹ ላይ ብቻ ነው፡፡ ሁሉንም መገልበጥ እብደት ነው፡፡ የተነኩትን መዝግቦ እነሱን ብቻ መመለስ፣ 200 ኪሎባይት ብቻ! የአትላስ ብልሃት በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው፡፡

ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፡፡ ቸር ኢሙሌተር መጥፎ ፈታኝ ነው፡፡ ፕሮግራሙ ያልተሰጠውን አድራሻ በነካ ቁጥር «እንካ፣ ባዶ ገጽ» የሚል ከሆነ፣ የምንፈልገውን ስህተት ራሱ ሸፈነው፡፡ በረሃው በረሃ ሆኖ መቆየት አለበት፤ የገባበትም መውደቅ አለበት፡፡

በገጽ ደረጃ መጠበቅም አይበቃም፡፡ በመጋቢት 2012 በወጣው የኦፕን ኤስኤስኤል እትም ውስጥ «ሃርትብሊድ» የተባለው ስህተት ነበር፡፡ ጠያቂው ትንሽ ልኮ «የላክሁትን 64 ኪሎባይት መልስልኝ» ሲል፣ ሰርቨሩ ሳይቆጥር የጎረቤቱን ሜሞሪ ጨምሮ ይሰጠዋል፡፡ የሰው የይለፍ ቃል፣ የምስጢር ቁልፍ፣ ያጋጠመውን ሁሉ፡፡ ፕሮግራሙ ግን አይወድቅም፤ ጎረቤቱ በረሃ ሳይሆን መንደር ነውና፡፡ ስህተቱ ለዓለም የታወቀው በሚያዝያ 2014፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፡፡

የሚያሳዝነው መድኃኒቱም የወጣው በዚያው በ2012 መሆኑ ነው፡፡ የጎግል መሐንዲሶች ያቀረቡት አድሬስ ሳኒታይዘር፣ ለእያንዳንዱ 8 ባይት አንድ የጥበቃ ባይት ይይዛል፤ በየዕቃው ዙሪያም አጥር ያጥራል፡፡ ለጥበቃው ብቻ 16 ቴራባይት ገደማ አድራሻ ይይዛል፡፡ ከየት አምጥቶ? ከሰማይዋ ላም ነዋ! የሚከፍለው ለነካው ብቻ ነው፡፡ በ2015 ሀኖ ቦክ የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ይህንን መሣሪያ ከኤኤፍኤል ጋር አጣምሮ ሃርትብሊድን ሊያገኝ እንደሚቻል በሥራ አሳየ፡፡ ዘግይቶ ቢሆንም፡፡

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ እኛ የያዝነው ይህን ነው፡፡ ማሽን በሌለው ሀብት ቢመካ ምንም አይደለም፤ ሲጠየቅ እስከከፈለ ድረስ፡፡ የሌለውን ግን «የለም» ማለት መቻል አለበት፡፡ ፍተሻ ዋጋ የሚኖረው «የለም» የሚል መዝገብ ሲኖር ነው፡፡