የወፍ በሽታ፣ ከቢቸናና ከሞጣ እስከ ጽኑ ሕሙማን ክፍል

ቢቸና ወይም ሞጣ የሠራችሁ «የወፍ በሽታ» የሚለውን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መጀመሪያ መድኃኒተኛ ዘንድ ወይም ጸበል ይሄዳል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው መቃዠት ሲጀምር ነው። ይኸው መቃዠት ነው እንግዲህ ዋናው ምልክት። እ.ኤ.አ. በ1970 ትሬይና ዴቪድሰን «ድንገተኛ የጉበት መድከም» ሲሉ የለዩት በ8 ሳምንት ውስጥ አእምሮን በሚያውከው ነው።

የእኛው ታሪክ በአብዛኛው የፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ነው። የጎንደሩ ልጅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 እና 1989 በሰሜን በወታደሮች ላይ የወረደው ወረርሽኝ ሄፓታይተስ ኢ መሆኑን አሳዩ፤ ኋላም ወደ ነፍሰ ጡሮች ዞሩ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በተበከለ ውኃ የሚመጣው ይህ ቫይረስ ወታደሩን ብዙ ጊዜ አንገላቶ ይለቀዋል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለችን እርጉዝ ግን ከአራት አንዷን እስከ መግደል ይደርሳል።

ስለዚህ ቢጫ ዓይን ያላት እርጉዝ ስትመጣ ቀኑን ጠይቋት፤ እጇን ዘርግታ መዳፏ ይርገበገብ እንደሆነ እዩ። የደም መርጋት ምርመራ ከሌለ፣ ደሟን በንጹሕ የመስታወት ቱቦ 20 ደቂቃ አቁሞ ማየት ይቻላል (ዘዴው ለእባብ ንድፊያ የተለመደው ነው)። ስኳሯን ደጋግሞ መለካት፣ ግሉኮስ መስጠት፣ ማስተኛ መርፌ መከልከል፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ። የጉበት ንቅለ ተከላን ስታርዝል በ1963 ዴንቨር ላይ ሞክሮታል፤ ቅዱስ ጳውሎስ በ2015 የጀመረው የኩላሊቱን ነው። ሪፈሩ መጻፍ ያለበት ገና ስሟን በትክክል እየተናገረች ሳለ ነው።